ቡላን ይዞ ወደ ሰሜን

ቁረይሻ ላይ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ማሽላው ተወቅቶ፣ ሠራተኛው ደመወዙን በመቀነቱ ቋጥሮ ወደየአገሩ ከተበተነ በኋላ የሚመጣ ዝምታ አለ። ከሐምሌ እስከ ኅዳር በሰው ድምፅ ሲናጥ የከረመው ሜዳ ባንድ ሳምንት ውስጥ ጭው ይላል። ዋልካው ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሰው ክንድ ያስገባል። በ1998 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ይኸው ዝምታ በወረደ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ትራክተር ጠጋኝ አሮጌ ቤድፎርድ ሎሪውን አስነስቶ፣ ውሻውን ከጎኑ አስቀምጦ ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመረ።

ሎሪው ቤቱም ነበር፤ ወርክሾፑም ነበር። ከጋቢናው በስተ ኋላ ያለው የጭነት ቦታ ጣራው በቆርቆሮ፣ ጎኑ በጣውላ ተበጅቷል። በግራ በኩል የብየዳ ማሽን፣ የማሲ ፈርጉሰን መለዋወጫ የታጨቀባቸው የእንጨት ሣጥኖች፣ የዘይት በርሜልና ሁለት ክሪክ ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል በገመድ የተወጠረች አንግሪብ አለች፤ ከሥሯም የከሰል ምድጃ፣ ጀበናና ሲኒ፣ አንድ ከረጢት የማሽላ ዱቄት፣ በጣሳ የተከደነ የጎንደር በርበሬ። ከአልጋው ራስጌ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል በሚስማር ተመቷል። ሚስቱ በሕይወት በነበረች ጊዜ ገዳሪፍ ከተማ የኪራይ ቤት ነበራቸው። እሷ ከሞተች ወዲህ ግን ባለቤቱ ራሱ ተከራይ እንደሆነበት ሰው ቤቱ እንግዳ ሆነበትና ቁልፉን መልሶ ሎሪው ላይ ገባ።

ሱዳኖቹ «ኡስታ» ይሉታል፤ የእጅ ባለሙያን እንዲህ ነው የሚጠሩት። ከጭልጋ ቆላ ተነስቶ በ1977 ዓ.ም.፣ በዚያ የረሃብና የጦርነት ዘመን፣ በመተማ በኩል ድንበር ሲሻገር ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ገዳሪፍ ጋራዥ ውስጥ ጎማ በማንሳት ጀምሮ ሞተር እስከ መፍታት ደረሰ። ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በእርሻ ወራት ከአንዱ የሠራተኛ ሠፈር ወደ ሌላው እየዞረ የተሰበረ ይጠግናል። ቡላን ያገኘው በአንድ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ እዚያ «ሐፊር» በሚሉት ጉድጓድ ዳር ነው። እናቱ ሞታ፣ ወንድሞቹ ሞተው፣ እሱ ብቻ ጭቃ ውስጥ ያለቅስ ነበር። በጸጉሩ ቀለም ቡላ ተባለ፤ ከስም አወጣጥ ብዙ ሐሳብ የገባበት አልነበረም።

ጉዞው የጀመረው ግን ለሽርሽር አልነበረም። ነገሩ የጀመረው ከኅዳር ወር ነው።

በዚያ ዓመት ከሊቦ ከምከም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከሎሪው አጠገብ ማደር ያዘ። ልጁ አገሩን ሲናፍቅ የሚያናግረው ሰው ስለፈለገ ነበር። ሌሊት ከአንድ ትልቅ ጠልሕ ሥር፣ በሎሪው ጥላ፣ ኩታውን ለብሶ ይተኛል፤ ብርዱ ሲበረታ ቡላ ከጎኑ ይጠቀለላል። በጥቅምት መጨረሻ ልጁን ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ተባለና ኪኒን ዋጠ፤ ተሻለው፤ ደግሞ ያዘው። በኅዳር አጋማሽ አፍንጫው ይደማ ጀመር፤ እጅና እግሩ እንደ ማገዶ ሲቀጥን ሆዱ ተነፋ። ኡስታው አንድ ማታ ልጁን አጋድሞ በግራ በኩል ከጎድን አጥንቱ በታች ቢዳስሰው፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር እስከ እምብርቱ ወርዶ አገኘ። እንዲህ ያለውን ጣፊያ ቁረይሻ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሕንዶች «ጥቁር ትኩሳት» ሲሉ የሰየሙት ካላዛር ነው።

ሌሊቱኑ በሎሪው ጭኖ ወደ ሕክምና ጣቢያ ወሰደው። ሠላሳ ቀን ሙሉ በየቀኑ መርፌ ተወጋ፤ ልጁም ዳነ። ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል። ችግሩ ከዳነ በኋላ መጣ። የጤና ሠራተኛው መዝገቡን ሲሞላ ጠየቀ፦ «ልጁ የት ያድር ነበር?» ከጠልሕ ሥር። «አፈሩ ምን ዓይነት ነው?» ዋልካ። «አካባቢው ላይ ውሻ አለ?»

ኡስታው ለመልሱ ዘገየ።

በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታዞረው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ በእጅጉ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ የላትም። ቀን በዋልካው ስንጥቅና በዛፍ ሽንቁር ተሸሽጋ ውላ ማታ ትወጣለች። ጠልሕና ሂጅሊጅ ከጥቁር አፈር ጋር የተገናኙበት አገር አገሯ ነው፤ ገዳሪፍ ግዛት ውስጥ በአትባራና በረሃድ ወንዞች ዙሪያ ያለው መሬት እንዲሁም ማዶ ያለው መተማና ሑመራ በሙሉ ማለት ነው። በምሥራቅ ሱዳን መንደሮች የተደረጉ ጥናቶች የካላዛርን ተሕዋስ በውሾች ደም ውስጥ አግኝተውታል። በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጽሑፍም ውሻ ማሳደርና ከግራር ሥር መተኛት ለበሽታው ከሚያጋልጡት መካከል መሆናቸውን ጠቁሟል። ሆኖም ውሻው ለሰው ይሰጣል ወይስ ከሰው ይቀበላል የሚለው ጥያቄ ያኔ አልተመለሰም፤ ዛሬም ተቋጭቷል ማለት አይቻልም። የጤና ሠራተኛውም ያለው ይህንኑ ነበር። «ሊሆን ይችላል» ነው ያለው። ግን «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል ከሕክምና ጣቢያ ተነስቶ መንደር እስኪደርስ ድረስ «ነው» ይሆናል።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጠሩት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሚስቱ በሞተች ጊዜ መቃብር የቆፈሩለት እነዚሁ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ በዚያ ዓመት የልጅ ልጁን በዚሁ በሽታ ቀብሯል። የተናገረውም እሱ ነው።

«ኡስታ፣ ባንተ ላይ ቂም የለንም። ውሻህን ግን ወይ ግደለው፣ ወይ ከዚህ አርቀው። የጥር ጨረቃ ሳያልቅ።»

ሰውየው አልተከራከረም። በልጅ መቃብር ፊት ስለ ውሻ መከራከር ነውር መሰለው። እንዲያውም አንድ ማለዳ ቡላን በገመድ አስሮ፣ የጎረቤት ጠመንጃ ተውሶ እስከ ደረቁ ጅረት ድረስ ወሰደው። ቡላ አደን የሚሄዱ መስሎት በደስታ ይዘል ነበር። ሰውየው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይዋ እስክትከር ከቆየ በኋላ፣ ጠመንጃውን ሳይተኩስ ለባለቤቱ መለሰው። ጎረቤቱ በርሜሉን አሽትቶ ዝም አለ።

እንግዲህ ማራቅ ቀረ። ወዴት ነው የሚርቀው? የጤና ሠራተኛው እንዳለው ዝንቧ የዋልካ ልጅ ናት፤ ወደ ሰሜን አፈሩ አሸዋ እየሆነ፣ ዛፉ እየሳሳ ሲሄድ እየመነመነች ትጠፋለች። በዚህ ላይ ሌላ የቆየ ነገር ተጨመረ። ሰውየው ያደገው በጓንግ ወንዝ ዳር ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ ከጭልጋ አካባቢ የሚነሳው ጓንግ ድንበር ሲሻገር አትባራ ይባላል። ከእኛ ተከዜ፣ ከእነሱ ሰቲት የሚባለውን ተቀብሎ፣ በረሃውን አቋርጦ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ወደ ባሕር እስኪደርስ የሚቀበለው የመጨረሻ ገባር እሱ ነው። ልጅ ሳለ እናቱ «ይህ ውኃ የት ይሄዳል?» ሲላት «አረብ አገር» ትለው ነበር። ሃያ አንድ ዓመት አረብ አገር ኖሮ ውኃው የት እንደሚደርስ አላየም። ውሻውን ከዋልካ አውጥቶ ጓንግን እስከ መጨረሻው መከተል፦ ሁለቱ ሐሳቦች ባንድ ጎማ ላይ ተገናኙ።

የመጀመሪያው ቀን በለመደው አገር አለፈ። ዶካን አልፎ፣ ከገላባት የሚመጣውን መንገድ ይዞ ገዳሪፍ ገባ። ከሩቅ መጀመሪያ የሚታየው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ግዙፉ የእህል ጎተራ ነው፤ ከተማው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ናፍጣ ሞላ፣ ሁለት የጎማ ከመነዳሪ ገዛ፣ የሚስቱን መቃብር ተሳልሞ ሳያድር ወጣ። ቡላ መንገዱን ሁሉ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ነፋሱን ሲቀበል፣ ፍተሻ ላይ ያሉ ወታደሮች አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይሰድባል፣ አንዱ ደግሞ ወረቀት ጠየቀ። «የውሻው ወረቀት?» ቢለው፣ ወታደሩ ትንሽ አስቦ «ያንተ» አለ። ስደተኛ መሆኑን የሚገልጸው ካርድ ጊዜው አልፎበት ነበር። አንድ ፓኬት ሲጋራ ነገሩን ጨረሰው።

ሸወክ አጠገብ ወንዙን ሲያገኘው ከገደሉ ላይ ሎሪውን አቁሞ ሁለት ቀን ሰነበተ። ወንዙ ከሜዳው በጣም ዝቅ ብሎ፣ ዳርና ዳሩ በጎርፍ ተቦርቡሮ፣ ግራጫ የአፈር ጉብታዎች እንደ ፈረሰ ከተማ ተሰልፈዋል። በጋ ስለነበር ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ይህን አገር ከሱ በፊት ሌላ ቤተኛ መንገደኛ አይቶታል። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ አዳኝ በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከሃንጋሪያዊቷ ፍሎረንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1861 ከአትባራ አፍ ተነስቶ፣ ወንዙን ወደ ላይ ተከትሎ፣ ሶፊ በምትባል መንደር ክረምቱን አሳልፏል። ከዚያም ሰቲትን፣ አንገረብንና ገላባትን ዞሮ በሚቀጥለው ዓመት ካርቱም ገባ። ዓላማው የትኛው የኢትዮጵያ ወንዝ ለዓባይ ምን ያህል እንደሚሰጥ ማወቅ ነበር። ሶፊ ላይ አንድ ቤት በአሥር ቂርሽ ገዛ፤ ቦታው ስላልተስማማው ግን የመንደሩ ሰዎች ክቡን የሣር ጣራ ብድግ አድርገው ተሸክመው እሱ በፈለገው ሥፍራ አኖሩለት። ቤት ተሸክሞ መሄድ እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። ቤከርን ሶፊ ላይ የተቀበለው ጀርመናዊው አዳኝ ፍሎሪያን ግን ከዚህ አገር አልወጣም፤ በኋላ አንበሳ ገደለው።

ኡስታው ያየው ወንዝ ዛሬ ያኔ እንደነበረው አይደለም። ከሱ ጉዞ በኋላ በአትባራና በሰቲት ላይ ሩሜላና ቡርዳና የተባሉ መንታ ግድቦች ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ2017 ተመረቁ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዚያ ጎዳና የሚያልፈው ከካርቱምና ከገዚራ ጦርነት የሸሸ ሰው ሆነ። ስንት ሐበሻ ለሁለተኛ ጊዜ ስደተኛ ሆኖ፣ ፍራሹን በመኪና ጣራ ላይ ጭኖ ገዳሪፍ እንደገባ የዚህ መጽሔት አንባቢ ይነገረው ዘንድ አያሻውም።

ኸሽም አል ግርባ ላይ ግድቡን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1964 ተሠርቶ ያለቀው ይህ ግድብ በአስዋን ውኃ የተዋጠባቸውን የሐልፋ ኑቢያውያን ለማስፈር የቆመ ነው። ጓንግና ተከዜ ከኢትዮጵያ ተራሮች አጥበው ያመጡት አፈር ግን ከሐይቁ ከግማሽ በላይ ሞልቶታል። ሱዳኖች አትባራን «ጥቁሩ ወንዝ» የሚሉት በዚህ ደለል ምክንያት ነው። ሰውየው በግድቡ አጥር ተደግፎ ያንን ጭቃ ሲያይ ከአባቱ ማሳ ስንት ቁና እዚህ እንደተኛ አሰበ፤ ለማንም ግን አልተናገረም፤ የሚሰማው ቡላ ብቻ ነበርና።

ከዚያ ወዲያ አስፋልቱን ትቶ የወንዙን ግራ ዳር ያዘ። አገሩ ተለወጠ። ዋልካው ሳሳ፤ ጠልሑ ቀረና እሾሃም ቁጥቋጦ መጣ፤ በወንዙ ዳር የዶም ዘምባባ ተሰለፈ። በስተ ግራ የቡጣና ሜዳ ወሰን የለውም። ማለዳ ሲነሳ ያየውን አንድ ኮረብታ ማታም እዚያው ያየዋል። ሁለት ቀን ሰው ሳያገኝ ሄዶ በሦስተኛው ቀን የፊት ባሌስትራው ተሰበረ። ሦስት ቅጠል ብየዳ ሲበይድ ዋለና፣ ማሽኑን ሲያጠፋ ዝምታው ጆሮውን አመመው። ቡላ በሎሪው ዙሪያ ትልቅ ክብ እየሠራ ይዞራል፤ ክቡን ሲጨርስ መጥቶ ያየዋል፤ ደግሞ ይሄዳል። ሰው ከሌለበት አገር ውሻ ሥራውን ያውቃል።

በማግሥቱ የሹክሪያ ዘላኖች ድንኳን አገኙ። የዘላኖቹ ውሾች በቡላ ላይ ተነስተው አንድ ጆሮውን ዘነጠሉት። የድንኳኑ አባወራ ውሾቹን በዱላ በትኖ፣ ለእንግዳው የግመል ወተት በቅል አቅርቦ፣ ደም የነካውን ጆሮ በገዛ እጁ አጠበ። ኡስታው ተገረመ፤ ለሃያ አንድ ዓመት ሰዎች ከውሻው ልብሳቸውን ሲሰበስቡ ነው ያየው። ሽማግሌው ሐሳቡን ያወቀው መሰለውና «በቁርአን ውስጥ ከዋሻው ሰዎች ጋር የተኛው ማነው?» ሲል ጠየቀው። ኡስታው ታሪኩን በቤተ ክርስቲያን በኩል ያውቀዋል፤ ሰባቱ የኤፌሶን ልጆች ናቸው። ውሻ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን አያስታውስም ነበር። «ነበራቸው» አለ ሽማግሌው። «በደጁ ክንዱን ዘርግቶ ተኝቷል።» ያን ሌሊት ኡስታው ለምን እንደወጣ ነገረው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻ አዳምጦ፣ «እኛ ዘንድ ተወው፤ በግ ይጠብቃል» አለው። እሺ ማለት ነበረበት። የመጣበት ጉዳይ ይኸው ነበርና። አፈሩ አሸዋ ነው፤ ጠልሕ የለም፤ ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ጧት ግን ሎሪውን ሲያስነሳ ቡላ እንደ ወትሮው ዘሎ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ እሱም በሩን ዘጋው። ምክንያቱን ሲጠየቅ ስለ ጆሮው ቁስል ይናገር ነበር። ቁስሉ ትንሽ ነበር።

ጎዝ ረጀብን አልፎ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከፈጀ መንገድ በኋላ፣ በየካቲት መጀመሪያ የአትባራ አፍ ደረሰ።

ጓንግ አልነበረም። ሰፊ የአሸዋ ጎዳና፣ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ኩሬ፣ በመካከሉ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ ከጫፉ ላይ ደግሞ ዓባይ እንደ ባለጸጋ ጎረቤት ዞር ብሎ ሳያይ ያልፋል። ሰውየው ጫማውን አውልቆ በደረቁ አሸዋ ላይ እስከ ዓባይ ድረስ ተራመደ። ቤከርም በበጋ ሲደርስ ያገኘው ይህንኑ ነበር፤ ጉማሬና አዞ በኩሬ ታጉረው። እ.ኤ.አ. በ1861 ሰኔ ወር ግን አንድ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ሰምቶ ሰዎቹ «ወንዙ! ወንዙ!» እያሉ ተነሡ፤ ሲነጋ በደረቁ አሸዋ ፋንታ አምስት መቶ ያርድ ያህል ስፋት ያለው ወንዝ ይፈስ ነበር። የኢትዮጵያ ክረምት ደርሶ ነበርና። ኡስታው ይህን ታሪክ የሰማው ከአንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ነው። አትባራ የባቡር ከተማ ናት፤ ሱዳኖች «የብረትና የእሳት ከተማ» ይሏታል፤ ጡረተኞቿም ማንበብ ይወዳሉ። «በክረምት ና» አለው ጡረተኛው። እሱም ላይመለስ ይችላልና እዚያው ለመቆየት ወሰነ። በዓባይ ዳር ያሉ የአትክልት ቦታዎች ውኃ የሚስቡት በናፍጣ ሞተር ነው፤ ሞተር ደግሞ ይሰበራል። ሥራ አላጣም። ቡላም የብርቱካን ተክል ዘበኛ ሆነ።

በመጋቢት መጨረሻ ማታ ማታ ይበርደው ጀመር። ወባ ነው አለ፤ ሐኪሙም ወባ ነው አለ። ኪኒን ዋጠ፤ ተሻለው፤ ደግሞ ያዘው። በሚያዝያ የትንሣኤ ዕለት ጠዋት ቀበቶው ሦስት ቀዳዳ ገብቶ እያለ ሆዱ ላይ ግን ይጠብቀው ነበር። አልጋው ላይ ተጋደመና ግራ ጎኑን ዳሰሰ። ድንጋዩ እዚያ ነበር።

የዚያን ቀን ያሰበውን በኋላ ሲናገር፣ መጀመሪያ የመጣበት ፍርሃት ሳይሆን ኀፍረት ነበር ይላል። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ውሻ ያሸሸው በሽታውን በገዛ ሆዱ ይዞ ነው። ዝንቧ ከነከሰች በኋላ በሽታው እስኪገለጥ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከቁረይሻ ሲወጣ ውስጡ ነበር። በአትባራ ከተማ ለዚህ በሽታ የሚሆን መድኃኒት አልነበረም። ቡላን ለጡረተኛው አደራ ሰጥቶ፣ ሎሪውን አቁሞ በአውቶቡስ ወደ ገዳሪፍ ወረደ። ውሻው አውቶቡሱን እስከ ዋናው ጎዳና ድረስ ተከተለው፤ ከዚያ አቆመ።

ሠላሳ መርፌ ቀላል አይደለም። መገጣጠሚያ ያማል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ልብንም ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ዓይኑን አያነሳም። ያኔ ያጥር ይሆን ወይ እየተባለ ጥናት ላይ ነበር፤ ከጥናቱ ቦታዎች መካከል ገዳሪፍ ውስጥ ኡም አል ኸይርና ከሳብ፣ በኛ በኩል ደግሞ ጎንደር ነበሩበት። በውጤቱም ሁለት መድኃኒት አጣምሮ በ17 ቀን ማከም ተለመደ። በቅርብ ዓመታት ዶካና ጎንደርም የተሳተፉበት ሌላ ጥናት አንዱን መርፌ በሚዋጥ መድኃኒት ተክቶ ወደ 14 ቀን አውርዶታል። ቁረይሻ ውስጥ ታባረክ አላህ ያለው ሆስፒታልም ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛር ሲያክሙበት ቆይተዋል። ኡስታው ግን ሠላሳውንም ቆጠረ።

በሃያኛው ቀን፣ ከኢትዮጵያ የመጣች ነርስ መርፌውን ስታዘጋጅ ጠየቃት።

«እመቤት፣ ያስያዘኝ ውሻው ነው?»

«ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ» አለችው። «ያ ልጅም ሊሆን ይችላል። የልጁ አገር ሊቦ ከምከም በ1997 ወረርሽኝ ገብቶበት ነበር፤ ከዚያ ይዞት መጥቶ ይሆናል። አጠገብዎ ያደረ ሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል። ምናልባት ውሻውን ያስያዙት እርስዎ ይሆናሉ።» መርፌውን ወጋችው። «ይልቅ ከዚህ ሲወጡ ፊትዎ ላይ ሽፍታ ቢወጣ እንዳይደነግጡ። ሱዳን ውስጥ ከታከሙት ግማሽ ያህሉ ላይ ይወጣል። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። እስኪጠፋ ግን ዝንቧ ከዚያ ሽፍታ ላይ ተሕዋሱን ታነሳለች። አጎበር ውስጥ ይተኙ። ቀዳዳው ጠባብ የሆነውን ይግዙ፤ በወባ አጎበር ታልፋለች።»

ሽፍታው በሐምሌ መጨረሻ ከአፉ ዙሪያ ጀመረ። ገዳሪፍ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ወንበሩን ሸሸት አደረገ። ኡስታው ሻዩን ሳይጨርስ ከፍሎ ተነሣ። የቁረይሻውን ሽማግሌ ሊያየው አስቦ ነበር፤ ያንን ፊት ይዞ ከመንደር መግባት አልሆነለትም። ልጅ የቀበረው ሽማግሌ ከደጁ እንዲርቅለት የጠየቀው ነገር አሁን እሱ ራሱ ሆኗል። ከገበያ ሁለት አጎበር ገዝቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ያዘ።

አትባራ የደረሰው በነሐሴ መጀመሪያ፣ ቀትር ላይ ነው። ጡረተኛው ከደጁ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱን አይቶ ምንም አልጠየቀም። «ውሻህ ከወንዙ ዳር ነው» አለው፤ «ወንዙ ከመጣ ወዲህ ቤት አያድርም።» ሰውየው ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ወረደ። አሸዋው አልነበረም፤ የልጆቹ የኳስ ሜዳ አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ውኃ፣ ግንድ፣ የማሽላ አገዳና ነጭ አረፋ ተሸክሞ፣ እያጓራ ይወርዳል፤ ዓባይ ውስጥ ሲገባም ለረጅም ርቀት ሳይቀላቀል በቀኝ በኩል የራሱን ቀለም ይዞ ይሄዳል። ቡላ ከውኃው ጫፍ ላይ ቆሞ በሚያልፈው ግንድ ሁሉ ይጮህ ነበር። ጌታው ሲጠራው መጀመሪያ አልሰማም፤ የውኃው ድምፅ ብዙ ነበር።

ያን ማታ ሎሪው ውስጥ አንዱን አጎበር ከአንግሪቡ በላይ ዘረጋ። ሁለተኛውን ከሚካኤል ሥዕል ሚስማር ጀምሮ እስከ ዘይት በርሜሉ ወጥሮ ለቡላ ሠራለት። ቡላ ጨርቁን አሽትቶ፣ ጫፉን በአፍንጫው ገለጥ አድርጎ ገባ፤ ሦስት ጊዜ ዞሮ ተኛ።